እግሩ አልታጠፍ ያለ አይሮፕላን ምን ያስተምራል?

በኮምፒውተር የበረራ ልምምድ በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ አንድ የታወቀ ምሬት አለ። ወጣቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ አሮጌ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ይመርጣል፤ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሜዳውን ለቆ ከፍ ይላል፤ ከዚያም የማረፊያውን እግር ለማጠፍ የተመደበውን ቁልፍ ይጫናል። እግሩ ግን አይታጠፍም። አንዳንድ ጊዜም አንደኛው እግር ታጥፎ ሁለተኛው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚሰማው ቃል፥ «ይህ ፕሮግራም ተበላሽቷል፤ ይታረምልን!» የሚል ነው። ከፕሮግራም ሠሪዎችም አንዳንዶቹ ገዢውን ላለማስቀየም ሲሉ፥ ቁልፉ በተነካ ቁጥር እግሩ ያለ አንዳች እንቢታ የሚታጠፍበትን ቀላል ስልት ያዘጋጃሉ።

ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ቢሆንም ለተማሪውም ለወጣቱ ሹምም የሚበጅ ቁም ነገር ስላለበት ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት መርጠናል። የእኛ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ምስለ በረራ የሚያስተምረው የእውነተኛውን አይሮፕላን አስቸጋሪነት ጠብቆ ሲይዝ ነው። አስቸጋሪነቱን ደብቆ ሁሉን ያለ ድካም የሚያሳካ ከሆነ ግን ተማሪውን ያላወቀውን ነገር አወቅሁ እንዲል ያደርገዋል፤ ይህም ከነጭራሹ ካለማወቅ የባሰ ነው።

በመጀመሪያ የአይሮፕላን እግር ስለ ምን ይታጠፋል? የሚለውን እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ላይ ቦምብ ያዘነቡት ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ 81 የተባሉት የኢጣልያ አይሮፕላኖች እግራቸው የማይታጠፍ፥ ቋሚ ነበር። ቋሚ እግር ለመሥራትም ለመጠገንም ይቀላል፤ ነገር ግን በአየር ላይ ነፋሱ እየተጋጨበት ፍጥነትን ይቀንሳል፤ ነዳጅም ያስባክናል። ስለዚህ ሞተሮች እየበረቱ በሄዱ ጊዜ መሐንዲሶች እግሩን በክንፉ ወይም በሞተሩ ቤት ውስጥ የሚሸሽጉበትን ብልሐት አበጁ። ብልሐቱ ትርፍ አመጣ፤ ከትርፉም ጋራ አዲስ ጣጣ መጣ። የዘይቱ ግፊት ወይም የኤሌክትሪኩ ሞተር፥ መቆለፊያው፥ መዝጊያውና የማስጠንቀቂያው መብራት ሁሉ በአንድነት ተስማምተው ካልሠሩ፥ እግሩ ወይ አልታጠፍም ይላል፥ ወይ አልዘረጋም ይላል።

የራሳችን አየር ኀይልም በዚህ ረገድ ሊታወስ የሚገባው ታሪክ አለው። ከድል በኋላ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በቢሾፍቱ የተደራጀው አየር ኀይላችን፥ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ሳዓብ 17 የተባሉ ቦምብ ጣዮችን ከስዊድን ተረከበ፤ ቁጥራቸውም ከ40 በላይ ነበር። ይህ አይሮፕላን ከከፍታ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል ሲሆን፥ እግሩ ወደ ኋላ እየታጠፈ ከክንፉ ሥር ባለ መሸፈኛ ውስጥ ይገባል። የሚያስደንቀውም እዚህ ላይ ነው። ሳዓብ 17 ቁልቁል በሚወረወርበት ጊዜ እግሩ ከነሰፊ መሸፈኛው ተዘርግቶ፥ እንደ ፍሬን ሆኖ ፍጥነቱን ይገታለት ነበር። በሌላው አይሮፕላን ለመነሻና ለማረፊያ ብቻ የሚያገለግለው እግር፥ በዚህኛው የውጊያም መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ሠሪ ሳዓብ 17ን በኮምፒውተር ሊያስመስል ተነሣ እንበል። «እግር በከፍተኛ ፍጥነት ከተዘረጋ ይሰበራል» የሚለውን፥ ለብዙ አይሮፕላኖች የሚስማማ ደንብ ሳይመረምር ቢጭንበት፥ የቀድሞዎቹ አብራሪዎች በእውነት ያደርጉት የነበረው ነገር በኮምፒውተሩ ላይ ክልክል ይሆናል። አምሳሉ የአይሮፕላኑን መልክ ይዞ ጠባዩን ጣለ ማለት ነው። የዛሬው ወጣትም የአያቶቹን ሙያ ሲለማመድ የዋለ ይመስለዋል እንጂ የተለማመደው ሌላ ነገር ነው።

እግሩ አልታጠፍ ሲል ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በእርግጥ የፕሮግራም ስሕተት ነው። በሥዕሉ ላይ ጎማው ታጥፎ ሲታይ፥ በስሌቱ ውስጥ ግን ገና እንደ ተዘረጋ ተቆጥሮ አይሮፕላኑ ፍጥነት ያጣል። ወይም አንድ ቁልፍ ለሁለት ሥራ ተመድቦ፥ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይሽረዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት ይታረም ዘንድ ይገባል፤ በዚህ ክርክር የለንም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን እውነተኛው አይሮፕላንም እንዲሁ ስለ ሆነ ነው። ከስዊድኑ ጋራ በቁጥር ብቻ የሚመሳሰለው የአሜሪካው ቢ 17 ቦምብ ጣይ እግሩን የሚያጥፈው በኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። ኤሌክትሪኩ የተቋረጠ እንደ ሆነ ሠራተኞቹ በእጅ በሚዞር ማዞሪያ እየታገሉ ሥራውን መፈጸም ነበረባቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ሲ 47 ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አብራሪው የእግሩን እጀታ ከማንሣቱ በፊት፥ ወለሉ አጠገብ ያለውን ሌላ ማገጃ መፍታት አለበት፤ ማገጃው ካልተፈታ እግሩ አይታጠፍም። ይህ ብልሽት አይደለም። አይሮፕላኑ በምድር ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው እጀታውን በስሕተት ቢነካው፥ በሆዱ እንዳይተኛ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በኮምፒውተሩ አምሳል ላይ ይህን ማገጃ «አስቸገረን» ብሎ ማስወገድ፥ ጥንቃቄውን ከነምክንያቱ ማስወገድ ነው።

እግር ማጠፍ ከእጅና ከአእምሮ ጋራ ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ የአሜሪካ አብራሪዎች ቢ 17ን በደኅና አሳርፈው ካበቁ በኋላ፥ የክንፉን ፍላፕ የሚሰበስቡ እየመሰላቸው እግሩን ያጥፉት ነበር። ግዙፉ አይሮፕላንም በሜዳው ላይ በሆዱ ይወድቅ ነበር። ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ቸልተኝነት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ጉዳዩን የመረመረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፎንስ ቻፓኒስ ግን ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ ሲመለከት፥ የእግሩና የፍላፑ ማዘዣዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ኖሯቸው ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አስተዋለ። በሲ 47 ላይ ማዘዣዎቹ የተለያዩ ስለ ነበሩ እንዲህ ያለው ጥፋት አይደርስም ነበር። መድኀኒቱም ቀላል ሆነ። በእግሩ ማዘዣ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፥ በፍላፑ ማዘዣ ጫፍ ላይ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ ተደረገ። የደከመ እጅ በጨለማ ውስጥ እንኳ ዳስሶ የቱ የቱ እንደ ሆነ ይለያል። ዛሬም በትልልቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖች የእግሩ እጀታ በጎማ መልክ እንዲሠራ ደንብ ያዛል።

በቤት ኮምፒውተር ላይ ግን እግሩን ማጠፊያውም ፍላፑን መሰብሰቢያውም እኩል የሆኑ የፊደል ቁልፎች ናቸው። እጅ ዳስሶ የሚለየው ነገር የለም። ስለዚህ ወጣቱ ሺህ ጊዜ ተነሥቶ ሺህ ጊዜ ቢያርፍ እንኳ፥ ቻፓኒስ ያገኘውን ችግር አላገኘውም። ማስመሰያው የቀነሰው ነገር አደጋው የነበረበትን ቦታ ነው።

ይህን ስንል ምስለ በረራን ማጣጣላችን አይደለም። የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ ኤድዊን ሊንክ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የኦርጋን ወናፎችን ተጠቅሞ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ አይሮፕላን የምትዘነበል ትንሽ ሣጥን ሠራ። መጀመሪያ ብዙ ሰው እንደ መጫወቻ ቆጠራት። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዝዘው፥ በደመናና በበረዶ ውስጥ ብዙዎች በሞቱ ጊዜ ግን ጦሩ ስድስት ሣጥኖች ገዛ። ሣጥኗ የተወደደችው በረራን ስላቀለለች አልነበረም። አብራሪው በደመና ውስጥ መንገድ ሲጠፋው ምን እንደሚሰማው፥ ሳይሞት እንዲያውቀው ስላደረገች ነው። ዛሬ የአየር መንገዳችን ማሠልጠኛ የሚጠቀምባቸው፥ በእግራቸው ላይ የሚንቀሳቀሱት ታላላቅ ምስለ በረራዎችም የሚመሰገኑት በዚሁ ምክንያት ነው፤ መምህሩ በድንገት ሞተር ያጠፋል፥ የእግር መብራት ያበላሻል፥ ተማሪውም ላብ እያጠመቀው መላ ይፈልጋል።

ነገሩ የአሮጌ አይሮፕላን ብቻ እንዳይመስለን፥ ዛሬ ወደ ጂንካ መንገደኛ የሚያመላልሰውን ኪው 400 እንውሰድ። የዚህ አይሮፕላን ዋና እግሮች ወደ ኋላ እየታጠፉ በሞተሩ ቤት ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ የነበሩ ሦስት ኪው 400ዎች፥ በሁለት ወር ውስጥ ዋና እግራቸው እንቢ ብሎ በማረፍ ላይ ሳሉ ተጎዱ። ከነዚህ አንደኛው የደረሰው፥ እኛ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዓመት በምንቀበልበት ዕለት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የተገኘው ምክንያት እግሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ጥርስ የበላ ዝገት ነበር፤ በሦስተኛው ደግሞ በዘይቱ መተላለፊያ የተወተፈ ትንሽ ባዕድ ነገር ነበር። በሦስቱም ሰው አልሞተም። ከሁለተኛው አደጋ በኋላም ከ10,000 ጊዜ በላይ ተነሥተው ያረፉ ኪው 400ዎች እግራቸው ሳይመረመር እንዳይበሩ ፋብሪካው አሳሰበ። ዝገትን በምስለ በረራ ማየት አይቻልም፤ ያ የመካኒኩ ዓይን ሥራ ነው። ነገር ግን ዝገቱ ያመጣው የማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ጊዜ አብራሪው ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚለማመደው በምስለ በረራ ነው። መብራቱ ፈጽሞ የማይበራበት ልምምድ ምን ይረባዋል?

ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ፥ ከወይጦም ወደ ደቡብ ስንወርድ የአርቦሬን አገር እናገኛለን። ከዚያ ባሻገር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው ጨው ባሕር አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የሃንጋሪው ካውንት ቴሌኪ ሲደርስበት ሐይቅ ነበረና ስቴፋኒ ብሎ ሰየመው። በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጨውና የጭቃ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ጎርፍ ሲበዛ ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። አሮጌ ካርታ ሐይቅ ነው ይላል፤ ከሰማይ የሚያይ ሰው እግዜር የደለደለው የአይሮፕላን ሜዳ ይመስለዋል፤ የረገጠው ሰው ግን ሌላ ይነግረናል።

አሁን በዚህ አገር ሰማይ ላይ ሞተሩ የከዳውን የድሮ ቦምብ ጣይ አብራሪ እናስብ። እግሩን ዘርግቶ ይረፍ ወይስ አጥፎ በሆዱ ይረፍ? ምድሩ ጠንካራ ከሆነ እግር መዘርጋት ይሻላል። ምድሩ የላላ ከሆነ ግን ጎማው ሰጥሞ አይሮፕላኑን በአፍንጫው ሊደፋው ስለሚችል፥ በዚያ ዘመን የነበሩ አብራሪዎች ባልተሠራ ሜዳ ላይ እግሩን አጥፈው በሆድ ማረፍን ይመርጡ ነበር። የሲ 47 ጎማ እንኳ ታጥፎም ቢሆን በከፊል ብቅ ስለሚል፥ በሆዱ ሲያርፍ ጉዳቱን ያቀልለት ነበር። ስለዚህ «እግሩ ይታጠፋልን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «በምን ዓይነት መሬት ላይ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው ግማሽ መልስ ያላቸው የአርቦሬ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከብት ከማርባት ጋራ፥ ወንዙ ሞልቶ ከወጣ በኋላ ጎርፉ ባራሰው መሬት ላይ ማሽላ የሚዘሩ ሕዝብ ናቸው። የትኛው ምድር መቼ ከብት እንደሚሸከም፥ የትኛውስ መቼ እግር እንደሚውጥ ከማወቅ በቀር ሌላ ኑሮ የላቸውም። በብዙ የኮምፒውተር ምስለ በረራ ግን ይህ አገር ከሳተላይት ሥዕል የተነጠፈ አንድ ወጥ ምንጣፍ ነው፤ በጥር ድርቅም በሚያዝያ ዝናብም እኩል ይጠነክራል። ወጣቱም በዚያ ላይ እግሩን ዘርግቶ በሰላም ያርፍና ትክክል የሠራ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ከጨዋታ አልፎ ሕይወት የሚጠይቅ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን በመሪር ሐዘን ተምረነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ፥ ያውም በቢሾፍቱ አጠገብ፥ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቅምት 19 ቀን በኢንዶኔዥያ ሌላ ማክስ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ የእግር አልነበረም፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ እየተመራ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የቀድሞውን 737 የሚያበሩ አብራሪዎች ወደ ማክስ ሲዛወሩ፥ ምስለ በረራ ሳያስፈልጋቸው በኮምፒውተር በሚሰጥ አጭር ትምህርት ብቻ እንዲያልፉ ተፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ደግሞ የማክስ ምስለ በረራ ፕሮግራም ራሱ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ ቦይንግ አመነ። ከነዚህም አንዱ፥ በጭንቅ ሰዓት የጭራውን ማስተካከያ መዘውር በእጅ ለማዞር የሚጠይቀው ከባድ ጉልበት ነበር። በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ክንድ የሚያዝለው መዘውር በልምምዱ ላይ ቀልሎ ይዞር ነበር ማለት ነው። አይሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የምስለ በረራ ልምምድ ግዴታ ሆነ፤ ነገር ግን 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ላለው ነው።

«ይህ ሁሉ ለሠለጠኑ አብራሪዎች ይሁን፤ በቤቱ ለሚጫወት ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚለን ሰው ይኖራል። መልስ አለን። የአየር መንገድ ምስለ በረራ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በጂንካም ሆነ በደሴ የሚገኝ ድኻ ተማሪ ወደ እርሱ የሚቀርብበት መንገድ የለውም። ለእርሱ ያለው የአብራሪ ክፍል ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ለሀብታሙ ልጅ እውነተኛው፥ ለድኻው ልጅ ግን የተቃለለው ትምህርት ይድረሰው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። መዝናናት የሚፈልግ ይዝናና፤ ቀላሉ ስልት አይከልከል። ነገር ግን ቀላል መሆኑ በግልጥ ይነገረው፤ ከባዱም አጠገቡ ይቀመጥለት።

ወጣት ሹማምንትም ይህ ነገር እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚዘጋጅ ዕቅድም አንድ ዓይነት ምስለ በረራ ነው። በወረቀት ላይ ወንዝ አይሞላም፤ መኪና አይሰምጥም፤ መለዋወጫ ዕቃ አይዘገይም። መንገዱ በካርታው ላይ ቀጥ ብሎ ይሰመራል፤ ክረምቱ ሲመጣ ግን ከመሐሉ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ሹሙ እንደዚያ ወጣት «ተበላሽቷል!» ይላል። የተበላሸው ግን መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የወንዙን ጠባይ ሳይጠይቅ የተሰመረው ዕቅድም ነው። ዕቅዱ ከመፈረሙ በፊት «ይህ ነገር እንቢ የሚለው የት ላይ ነው?» ብሎ በአገሩ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ከውርደት አይቆጠርም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ይህን ነው። ምስለ በረራ የምትወዱ ተማሪዎች፥ እግሩ አልታጠፍ ባላችሁ ጊዜ ከመማረራችሁ በፊት የዚያን አይሮፕላን የአሠራር መጽሐፍ ክፈቱና ስሕተቱ የፕሮግራሙ ይሁን የእናንተ፥ ወይስ የአይሮፕላኑ እውነተኛ ጠባይ መሆኑን ለዩ። ኮምፒውተር የምታጠኑ ደግሞ የቢሾፍቱን ሳዓብ 17 ከነፍሬኑ፥ የመጀመሪያውን ሲ 47 ከነማገጃው ለመሥራት ሞክሩ። እነዚያን እግሮች የጠገኑና ያጠፉ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እጃቸው የሚያውቀውን ሳይጠየቁ ካለፉ፥ ያን የሚተካ መጽሐፍ አይገኝም። በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም ወደ አርቦሬ ወርዳችሁ፥ የትኛው ምድር በየትኛው ወር እንደሚጠነክርና እንደሚላላ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ጽሑፋችሁ ለምስለ በረራ ሠሪው ይጠቅማል፤ ለመንገድ መሐንዲሱም ይጠቅማል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ቀን በዚያ ሰማይ ላይ ሞተሩ ለሚከዳው አብራሪና ለመንገደኞቹ ይጠቅማል።